አዲንዳን፣ 228 ሜትርና ያልተደወለው ስልክ

ውድ እህቴ፣ ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከተሉን ጥያቄሽን አሳጥሬ ላስቀምጠው። በጂኦማቲክስ ከተመረቅሽ ዓመት ሊሞላሽ ነው። አንድ የመንገድ ዲዛይን አማካሪ ድርጅት ለጂአይኤስ (በኮምፒውተር ካርታ የመሥራትና የመተንተን) ሥራ ኢንተርቪው ጠራሽ። ጠያቂው ላፕቶፑን ወደ አንቺ አዙሮ የድሮ የከተማ ፕላን በሳተላይት ምስል ላይ ደርቦ አሳየሽ። አልገጠመም፤ ፕላኑ በሙሉ ወደ ደቡብ ምዕራብ ተንሸራቷል። «ምን ታደርጊያለሽ?» ሲልሽ «ሌየሩን (የተደረበውን ፕላን) ይዤ እስኪገጥም እገፋዋለሁ» አልሽ። «እንደውልልሻለን» ብሎ ሸኘሽ። አልደወሉም። አሁን መልሴ ምኑ ላይ ተበላሸ፣ ውድ የሆነውን የጂአይኤስ ሰርተፍኬት ልውሰድ ወይ፣ ፓይተን ልጀምር ወይ ትይኛለሽ። ሪያድ ያለው አጎትሽም «ወደዚህ ነይ» እያለ ነው።

መጀመሪያ መልሱ። ሌየር መግፋት ብዙ ቢሮ ውስጥ በየቀኑ የሚሠራ ነገር ነው። ምናልባት ሰውየውም በዚያው ጣጣ የተቃጠለ ይሆናል። ችግሩ ምክንያቱን ሳትጠይቂ መፍትሔ መስጠትሽ ነው። «ፕላኑ በየትኛው ዳተም ነው የተሠራው? ስንት ሜትር ነው የሄደው?» ብትይ ኖሮ ወሬው ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። ዳተም ማለት የካርታ ቁጥሮች የሚለኩበት መነሻ ነው፤ ዳተሙ ሲለያይ የአንዱ ቦታ ቁጥርም ይለያያል።

የድሮዎቹ 1:50,000 ካርታዎችና ብዙ የከተማ ፕላኖች በአዲንዳን ዳተም የተሠሩ ናቸው። መነሻ ነጥቡ አቡ ሲምበል አካባቢ፣ ግብፅና ሱዳን ድንበር ላይ ነበር፤ ዛሬ ናስር ሐይቅ ውጦታል። (የካርታችን መነሻ ውኃ ውስጥ ነው ስል የማይስቅ ተማሪ የለም።) ጂፒኤስና የሳተላይት ምስል ደግሞ የሚሠሩት ደብልዩጂኤስ 84 በሚባለው ዓለም አቀፍ ዳተም ነው። አዲንዳን የሚጠቀምበት ክላርክ 1880 ኤሊፕሶይድ (የምድርን ቅርፅ የሚወክለው ጠፍጠፍ ያለ ሉል) በምድር ወገብ ራዲየሱ ከደብልዩጂኤስ 84ቱ በ112 ሜትር ይበልጣል። ማዕከሉም ሌላ ቦታ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ፤ ኢንተርቪው ላይ የሚያድንሽ እሱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ነጥብ ውሰጂ። በዩቲኤም (ምድርን በ6 ዲግሪ ዞኖች ከፍሎ ቦታን በሜትር የሚቆጥረው ሥርዓት) ዞን 37 የደብልዩጂኤስ 84 ቁጥሩ ከአዲንዳን ቁጥሩ ወደ ምሥራቅ በ95 ሜትር ገደማ፣ ወደ ሰሜን በ207 ሜትር ገደማ ይበልጣል። አንድ ላይ 228 ሜትር አካባቢ ይሆናል። የአዲንዳን ቁጥር «ደብልዩጂኤስ 84 ነው» ተብሎ ከተጫነ ፕላኑ በትክክል ይህን ያህል ወደ ደቡብ ምዕራብ ይወርዳል። ያየሽው ይኸው ነው። ኮኦርዲኔቱ በዲግሪ ከሆነ ግን ያው ስህተት የሚያሳይሽ 150 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ምክንያቱም ዩቲኤም ሰሜንን የሚቆጥረው ከምድር ወገብ ጀምሮ ነው፤ የሁለቱ ኤሊፕሶይዶች የቅርፅ ልዩነት መንገድ ላይ ይጠራቀምበታል። ስለዚህ በመለኪያው መሣሪያ ርቀቱን ብቻ ለክተሽ ስህተቱ ዩቲኤም ላይ እንደተሠራ ወይም ዲግሪ ላይ እንደተሠራ መናገር ትችያለሽ። ይህን ኢንተርቪው ላይ የሚል ተመራቂ ብዙ አይገኝም።

«95 እና 207 ደምር» የሚለውን አባባል ከነባር ሰርቬየሮች ትሰሚ ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ ለዩቲኤም ብዙም አያሳስትም። የሰሜኑ 207 እንዲያውም ሞያሌም መቀሌም ላይ ያው ነው ማለት ይቻላል። በዲግሪ ስትሠሪ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ወደ ሰሜን ያለው ልዩነት ሞያሌ ላይ 171 ሜትር ገደማ ሲሆን መቀሌ ላይ 73 ገደማ ይሆናል። ወደ ምሥራቅ ያለው ደግሞ መሬት ላይ አሶሳ 85፣ ጂግጂጋ 104 ሜትር አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ላይ በእጅሽ ያስተካከልሽውን መጠን ይዘሽ ጂግጂጋ ብትሄጂ አይሠራም።

ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነው። ሌየሩን ስትገፊ ፕላኑ ራሱ ላይ የተጻፈው የዳተም ስም አይቀየርም። ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ባለሙያ ያንኑ ፋይል ይከፍታል፣ «አዲንዳን» የሚለውን ያነባል፣ በሥርዓቱ ወደ ደብልዩጂኤስ 84 ይቀይረዋል (ትራንስፎርም ያደርገዋል)። ፕላኑ ለሁለተኛ ጊዜ ይሄዳል፤ አሁን ወደ ሰሜን ምሥራቅ። ማን እንደገፋው የሚያስታውስ ሰው አይኖርም።

ትራንስፎርሜሽኑ በትክክል ከተሠራስ በኋላ? እዚህ ጋ ነው ሶፍትዌር የሚሸውደው። ለኢትዮጵያ በብዛት የሚሠራባቸው ሦስት ቁጥሮች (የአዲንዳን ማዕከል በሦስት አቅጣጫ ስንት እንደሚገፋ የሚናገሩት) ‎−165፣ ‎−11 እና 206 ሜትር ናቸው። የአሜሪካ መከላከያ ካርታ ኤጀንሲ ያወጣቸው ከ8 ጣቢያዎች ሲሆን፣ በእያንዳንዱ አቅጣጫ እስከ 3 ሜትር ሊሳሳቱ እንደሚችሉ ራሱ ጽፏል። ከኢትዮጵያና ከሱዳን 22 ጣቢያዎች የወጣ አማካይም አለ፤ ‎−166፣ ‎−15 እና 204። ሁለቱ አዲስ አበባ ላይ 3 ሜትር ያህል ይለያያሉ። ኮምፒውተሩ ግን ውጤቱን በሚሊሜትር ጽፎ ይሰጥሻል፤ ያ ትክክለኛነት እንዳይመስልሽ።

ሦስት ሜትር ለ1:50,000 ካርታ ምንም አይደለም። የመንገድ አማካሪ ግን የመንገድ ክልል ያሰምራል፤ የማን ቤት ካሳ ይከፈለው የሚለው በዚያ መስመር ነው የሚወሰነው። 10 በ15 የሆነ ቦታ ላይ 3 ሜትር ማለት ሳሎኑ ነው። እንዲህ ዓይነት ሥራ በሦስት ቁጥር አይሠራም፤ ቁጥራቸው በሁለቱም ዳተም የሚታወቅ የአካባቢው ኮንትሮል ነጥቦች (መሬት ላይ በጥንቃቄ የተለኩ ምልክቶች) ይፈለጋሉ፣ ጥቂቶቹም ለማረጋገጫ ተነጥለው ይቀመጣሉ። ቀጣሪው የሚከፍልሽ «ይህ ቁጥር እስከ ስንት ሜትር ይታመናል?» ሲባል መልስ ስላለሽ ነው። ኤክስፖርት የሚለውን ለመጫንማ ሰው አያጣም።

አሁን አንድ ነገር ሠርተሽ አሳዪ። ኪውጂአይኤስ የተባለው የካርታ ሶፍትዌር ነፃ ነው፣ አውርጂው። ምሥራቅ 473000፣ ሰሜን 997000 የሚል ነጥብ በአዲንዳን ዩቲኤም 37 (ኢፒኤስጂ በሚባለው የኮኦርዲኔት ሥርዓቶች መዝገብ ኮዱ 20137) አስገቢ። ወደ 32637፣ ማለትም ወደ ደብልዩጂኤስ 84 ዩቲኤም 37 ቀይሪው። ከአንድ በላይ ትራንስፎርሜሽን ካለ እንዲጠይቅሽ ሴቲንጉን አስተካክዪ። የትራንስፎርሜሽን ዝርዝር ይመጣልሻል፤ የሚያገለግሉበት አካባቢና የሚጠበቀው ትክክለኛነት በሜትር አብሮ ተጽፏል። አዲንዳን እስከ ሴኔጋል ድረስ የሚሠራበት ስለሆነ የሌሎች አገሮች ቁጥሮችም ተመዝግበዋል። የሴኔጋሉ አዲስ አበባ ላይ 30 ሜትር ገደማ ያሳስታል። እያንዳንዱን ሞክሪና ውጤቱን በሠንጠረዥ አስቀምጪ። «ባልፓርክ» የሚል ምርጫ ካየሽ አትንኪው፤ ዳተሙን ሳይቀይር ዝም ብሎ ያልፋል። በጣም የቆየ ቨርዥን ያለው ቢሮ ካጋጠመሽም ጠንቀቅ በዪ። ከሥር የሚሠራው ፕሮጅ የተባለው ላይብረሪ በ2019 እ.ኤ.አ. 6ኛው ቨርዥን እስኪወጣ ድረስ አንዱን ትራንስፎርሜሽን ሳይጠይቅ መርጦ ያልፍ ነበር።

«አሳይን ፕሮጀክሽን» እና «ሪፕሮጀክት» የሚሉትን አታምታቺ። የመጀመሪያው ስም ይለጥፋል፣ ቁጥሩን አይነካም። ሁለተኛው ቁጥሩን ይቀይራል። ካየኋቸው የተንሸራተቱ ካርታዎች አብዛኞቹ የእነዚህ የሁለቱ መምታታት ውጤት ናቸው። ዞንም አትርሺ፤ ድሬዳዋ ዞን 37 ውስጥ ናት፣ ሐረር ግን የሁለቱን ዞኖች ድንበር፣ 42 ዲግሪ ምሥራቅን፣ ስለምታልፍ ዞን 38 ውስጥ ትገባለች። የምሥራቅ ፕሮጀክት ካገኘሽ መጀመሪያ የምትፈትሺው ይህንን ነው።

ከዚያ በሁለት ገጽ ጻፊው። ምን አስገባሽ፣ የትኛውን መረጥሽ፣ ለምን፣ ልዩነቱ ስንት ሜትር ሆነ፣ ለምን ዓይነት ሥራ ይበቃል፣ ለምኑ አይበቃም። የስልክሽን ጂፒኤስ ይዘሽ አንድ የታወቀ አደባባይ ላይ ብትፈትሺ 228 ሜትሩን ይለይልሻል፣ 3 ሜትሩን ግን አይለይም፤ ይህንንም ጻፊው። ገደቡን የሚጽፍ ሰው ይታመናል። ይህን ሁለት ገጽ ከሲቪሽ ጋር አያይዢ።

ሰርተፍኬቱን አሁን አትውሰጂ። ዲግሪ አለሽ፤ የጎደለሽ የሠራሽው ነገር ነው። ገንዘቡን የመስክ ሥራ ላለበት ጊዜያዊ ሥራ ትራንስፖርት አውዪው፣ የቅየሳ መሣሪያውን፣ ቶታል ስቴሽንን፣ ተሸካሚ ሆነሽም ቢሆን። ፓይተን ጥሩ ነው። ግን ከላይ ያለውን በእጅሽ ከሠራሽ በኋላ፤ ያኔ ፓይፕሮጅ በሚባለው ላይብረሪ አንድ ሺህ ነጥብ በአንዴ ትቀይሪያለሽ፣ የምትቀይሪው ምን እንደሆነም ታውቂያለሽ።

ሪያድን በተመለከተ፣ ሳዑዲም ዓይን አል ዓብድ የሚባል የራሷ የድሮ ዳተም አላት፣ የነዳጅና የመሠረተ ልማት ፋይሎቿም ዳተማቸው ካልታወቀ ያው ጣጣ አለባቸው። ስለዚህ እዚህ የሠራሽው ልምምድ እዚያም ይሠራልሻል። አጎትሽን የሥራ ቪዛው በማን ስምና ለየትኛው ሙያ እንደሚወጣ በጽሑፍ ጠይቂው። «ሰርቬየር» ካልሆነ ለጊዜው እዚሁ ቆዪ።