ሚዛኑ አልነቃነቅ ሲል

ባለፈው ስለ ታዳጊዎች ውፍረት ጥቂት ከጫርኩ ወዲህ ጥያቄው እንደ ጉድ ጎርፏል። ሁሉንም መመለስ አልቻልኩም። ተደጋግመው የመጡትንና ከአእምሮዬ አልወጣ ያሉኝን መርጫለሁ። አብዛኞቹ ጠያቂዎች እናቶች ናቸው። አባቶች ሁለት ብቻ! የልጆቹ ግን ጥቂትም ቢሆን ይበልጥ ልብ ይነካል።

"የ14 ዓመት ልጄ 80 ኪሎ ይመዝናል። ሁለት ወር ሙሉ ማታ ማታ ግማሽ ሰዓት አብረን በእግር ሄድን። እኔ ሁለት ኪሎ ቀነስኩ፤ እሱ ንቅንቅ አላለም። ምን አጠፋን?"

ምንም አላጠፋችሁም። መጀመሪያ ግን መራሩን ልንገርዎት፦ በስፖርት ብቻ ብዙ ኪሎ አይወርድም። 80 ኪሎ የሆነ ሰው ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ ቢራመድ የሚያቃጥለው 150 ካሎሪ ገደማ ነው። ግማሽ ሊትር ስኳር ያለው ለስላሳ ደግሞ 200 ካሎሪ አካባቢ አለው። ቤት ሲገቡ "ደክሞታል፣ ጠምቶታል" ተብሎ አንድ ጠርሙስ ከተከፈተለት ሂሳቡ ተገለበጠ። ስለዚህ ኪሎው እንዲወርድ ከተፈለገ የሚበላውና የሚጠጣውም አብሮ ይታይ። ለመጀመር የሚቀለው መጠጡ ነው።

ደግሞ ልጅዎ ገና እያደገ ነው። እኔና እርስዎ ቁመት መጨመር ካቆምን ቆይተናል፤ እሱ ግን ገና ይመዘዛል። ዛሬ 1 ሜትር ከ60 ነው እንበል። 80ን ለ1.60 አካፍለው፣ የመጣውን እንደገና ለ1.60 ቢያካፍሉ 31 ገደማ ያገኛሉ። ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያመዛዝን ቁጥር ነው፤ ሐኪሞች ቢኤምአይ የሚሉት ይህንን ነው። በዓመቱ 6 ሴንቲ ሜትር አድጎ ያው 80 ኪሎ ላይ ቢቆይ ቁጥሩ ወደ 29 ይወርዳል። አንድ ግራም ሳይቀንስ! በዚህ ዕድሜ ቁጥሩ ትርጉም የሚኖረው ከእኩዮቹ፣ ማለትም ከተመሳሳይ ዕድሜና ፆታ ጋር ሲነጻጸር ነው። ለብዙ ታዳጊዎች ኪሎው ባለበት መቆሙ ራሱ ድል ነው የምለውም ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ነገር ሚዛን ላይ አይታይም። በተከታታይ የሚንቀሳቀስ ልጅ ኪሎው ባይወርድም ጉበቱ ላይ የተጠራቀመው ስብ ሊቀንስ ይችላል። ሰውነቱ የደም ስኳርን ለሚቆጣጠረው ኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ይሻሻላል፤ የደም ግፊቱም እንዲሁ። በወፍራም ልጆች ላይ የምንፈራው የስኳር በሽታና የጉበት ችግር ስለሆነ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሚዛኑን ለጊዜው ይተዉትና ሌላ ነገር ይዩ፦ የሱሪው ወገብ ላላ? ደረጃ ሲወጣ መሀል ላይ መቆም ተወ? ሁለት ወር ደግሞ አጭር ነው። ቀጥሉበት፤ እርምጃውን ግን ቀስ በቀስ አፍጥኑት።

"16 ዓመቴ ነው። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ስሮጥ ይስቁብኛል። ጭኖቼም እየተፋተጉ ይቆስላሉ። ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ብሠራ ይቆጠርልኛል?"

እህቴ፣ በደንብ ይቆጠርልሻል! ሰውነትሽ የት እንደተንቀሳቀስሽ አያውቅም።

ከጭንሽ እንጀምር፤ ማንም ስለማያወራው እንጂ ስንቱን ልጅ ከስፖርት ያስቀረው እሱ ነው። ከሱሪሽ ስር እስከ ጉልበት የሚደርስ ጥብቅ ያለ ቁምጣ ልበሺ። ከመውጣትሽ በፊት የሚፋተገው ቦታ ላይ ቫዝሊን ተቀቢ። ስትመለሺ ወዲያው ታጠቢና አድርቂው። ደረትሽን ደግፎ የሚይዝ የስፖርት ጡት መያዣም ያስፈልግሻል። ይህ ቅንጦት አይደለም፤ ያለሱ መሮጥ ያማል።

ክፍልሽ ውስጥ ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ በይ፤ እጅሽን ሳትደገፊ፣ 10 ጊዜ። ከዚያ ግድግዳ ተደግፈሽ ፑሽ አፕ ሥሪ። ከዚያ የምትወጂውን ሙዚቃ ከፍተሽ ሁለት ዘፈን እስኪያልቅ ጨፍሪ። አልቀልድም፤ ጭፈራ ጥሩ ስፖርት ነው። ልኩን በትንፋሽሽ ለኪው፦ ማውራት ችለሽ መዝፈን ካቃተሽ ልክ ነሽ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉት በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ ይመክራል። አያስደንግጥሽ። ከ10 ታዳጊዎች 8ቱ እዚያ አይደርሱም፤ ከሚስቁብሽም መሀል አሉበት። አንቺ በ10 ደቂቃ ጀምሪ። ጠዋት 10፣ ማታ 10 እያልሽም መደመር ትችያለሽ።

መምህራን ይህንን ካነበባችሁ አንድ ልመና አለኝ። ቡድን ስታስመርጡ ልጆቹን በየተራ አታስመርጡ። መጨረሻ የሚቀረው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ራሴ ያ ልጅ ነበርኩ። ዛሬም ፉጨት ስሰማ ሆዴን ቅር ይለዋል።

"የ15 ዓመት ልጄ ጂም ልግባ ይላል። ብረት ማንሳት ቁመት ያስቀራል ይባላል፤ ልከልክለው?" (አባት)

አይከልክሉት። በትክክል የሚያሳይ ሰው ካለ ብረት ቁመት አያስቀርም። እንዲያውም የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ዕድሜ ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ቢያንስ በሳምንት 3 ቀን ይመክራል። ወፍራም ልጅ ሩጫ ላይ ኋላ ቢቀርም ብረት ላይ ብዙ ጊዜ ከእኩዮቹ ይበልጣል። አንድ ጊዜ እንኳ አንደኛ መሆን ለልጅ ምን ማለት እንደሆነ እርስዎም ያውቁታል። በቀላል ክብደት አቋቋሙን ይማር እንጂ "እስቲ ስንት እንደምታነሳ እንይ" የሚለው ጨዋታ ይቅርበት።

"ሆዴን በላስቲክ ጠቅልዬ 200 ሲት አፕ እሠራለሁ። ቦርጬ ይጠፋል?"

አይጠፋም። ላስቲኩ የሚያወጣው ላብ ነው፤ ውሃ ስትጠጣ ይመለሳል። ሲት አፕ የሆድ ጡንቻን ያጠነክራል እንጂ ከላዩ ያለውን ስብ ለይቶ አያቃጥልም። ላስቲኩን ጣለው፤ በሙቀት ራስህን ትጥላለህ።

"አሁን የውፍረት መርፌ መጥቷል አይደል? ታዲያ ስፖርቱ ምን ያደርጋል?"

እውነት ነው፤ ሴማግሉታይድ የሚባለው መርፌ በ2022 አሜሪካ ውስጥ ከ12 ዓመት ጀምሮ ላሉ ታዳጊዎች ተፈቅዷል። የተፈቀደው ግን ከምግብና ከእንቅስቃሴ ጋር ነው። ክብደት ሲወርድ ስቡ ብቻ ሳይሆን ጡንቻም አብሮ ይሄዳል፤ እሱን ለማትረፍ የሚረዳው ደግሞ ስፖርት ነው። የሚታዘዘውም በሐኪም ነው። ከጎረቤት ተቀብሎ መወጋት የለም!

"ለልጄ በእያንዳንዱ ኪሎ ገንዘብ እሰጥሻለሁ አልኳት። አንዳንዴም 'ድብልብሌ' እያልኩ እቀልድባታለሁ፤ ግን ምንም ለውጥ የለም።" (አባት)

ቀልዱን ዛሬውኑ ያቁሙ። በክብደታቸው ከቤተሰብ የሚሾፍባቸው ልጆች የበለጠ የመወፈርና ከምግብ ጋር የመጣላት ዕድላቸው እንደሚጨምር በተደጋጋሚ ታይቷል። ተደብቆ መብላት፣ ምግብ መዝለል፣ በልቶ ማስመለስ ሁሉ ይመጣል። ገንዘቡም ያው ነው። ኪሎ በትእዛዝ አይወርድምና ቃል የገቡላት ልጅቷ እጅ ላይ በሌለ ነገር ነው። እጇ ላይ ያለው መውጣቱና መንቀሳቀሱ ነው፤ ለእሱ ያሞግሷት። ከሁሉ የሚሻለው ግን እርስዎም ጫማዎን ማሰርዎ ነው። ሌሊት ደግሞ ስልኳ ከመኝታ ክፍሏ ይውጣ፤ የእርስዎም አብሮ። በዚህ ዕድሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል፤ ያልተኛ ልጅ ይርበዋል፣ መንቀሳቀስም ያስጠላዋል።

"የ13 ዓመት ልጄ ሩጫ ካስጀመርኳት ወዲህ ጉልበቴን አመመኝ ትላለች። ሦስት ሳምንት ሆናት፤ ታነክሳለች። ስንፍና ነው ብዬ ተቆጣኋት።"

ለዚች እናት እንደደረሰኝ በግል መልሻለሁ። እዚህ ያወጣሁት ለሌሎቻችሁ ነው።

ስፖርት የጀመረ ሰው ጡንቻው ይዝላል፤ በሁለት ሦስት ቀን ይለቀዋል። ማነከስ ግን ሌላ ነገር ነው። በጉርምስና ዕድሜ፣ በተለይ ወፍራም ልጆች ላይ፣ የጭን አጥንት ራስ ከማደጊያው ቦታ የሚንሸራተትበት ሕመም አለ። ችግሩ ዳሌ ላይ ሆኖ ሕመሙ የሚሰማው ብዙ ጊዜ ጉልበት ወይም ጭን ላይ ነው። ስለዚህ ጉልበቱ ብቻ ራጅ ተነስቶ "ምንም የለም" ይባላል። የሚያነክስ ታዳጊ ሩጫውን ያቁም፤ እግሩን አያስረግጡት፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ዳሌውም ራጅ ይነሳ ብላችሁ ጠይቁ። በጊዜ ከተደረሰበት በቀዶ ሕክምና ይጠበቃል፤ ከዘገየ ዳሌው ለዕድሜ ልክ ሊበላሽ ይችላል።

ቁጣውን በተመለከተ፣ ሐኪሙ ዘንድ ስትሄዱ መንገድ ላይ ይቅርታ ይበሏት። ራጁ ምንም ባያሳይ እንኳ።