«ከዛሬ ጀምሮ 11 ነህ»

ሰሞኑን የጎረቤቴ ልጅ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ አፍሪካ ይሄን ሁሉ ተጫዋች እያወጣች ገንዘቡን አውሮፓ ብቻ የሚበላው ለምንድን ነው?» ስለ ፊፋ፣ ስለ ቴሌቪዥን ገንዘብ፣ ስለ ደላሎች ጥቂት አወራሁለት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አንዷን ድርሻ ያስበላሁት እኔው ነኛ።

ለረጅም ዓመታት የአንድ ትንሽ ክለብ ጸሐፊ ነበርኩ። ስሙ ይቅር። ምዝገባው፣ ቴሴራው (የተጫዋቹ መታወቂያ)፣ ደብዳቤው ሁሉ በእኔ እጅ ነበር የሚያልፈው።

1996 ዓ.ም. ላይ አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው ቢሮ መጡ። ልጁ ቀጭን ነው፣ ግራ እግር። አሰልጣኛችን ቀድሞ ሜዳ ላይ አይቶት «ይሄን ልጅ ሳትመዘግብ እንዳትወጣ» ብሎኛል። እናትየው ከነጠላቸው ጫፍ የክርስትና ወረቀቱን ፈትተው ሰጡኝ። 13 ዓመቱ ነው። ውድድሩ ደግሞ ከ13 ዓመት በታች።

«እትዬ፣ ይቺን ወረቀት ቤት ይመልሷት» አልኳቸው።

ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። «እኔ እኮ 13 ነኝ» አለ።

«ከዛሬ ጀምሮ 11 ነህ።»

ሳቅን። እናቱም ሳቁ። ያን ጊዜ እንደ ወንጀል የሚያየው አልነበረም፣ ሁሉም ያደርገዋል። በሰማያዊ እስክሪብቶ ጻፍኩት፣ ማኅተም መታሁበት፣ አለቀ።

ልጁ ሦስት ዓመት ከእኛ ጋር ሠለጠነ። የመጀመሪያዋን ታኬታ አሰልጣኙ ከኪሱ ነው የገዛለት። ዝናብ ሲዘንብ ሜዳችን ጭቃ ይሆናል፣ ልጁ ግን በዚያ ጭቃ ላይ ኳሷን እንደ ድመት ነበር የሚያጫውታት። ከዚያ ከእናቱ ጋር አባቱ ወዳለበት ወደ አውሮፓ ሄደ። እዚያ የገባው በትክክለኛው ልደቱ ነው። ያቺ ቤት ትመለስ ያልኳት ወረቀት ሥራዋን ሠራች።

ሰኔ 2005 ዓ.ም. በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ስናሸንፍ እኔም አስፋልት ላይ ጨፍሬያለሁ። ዜናው ወዲያው ተከተለ። ከቦትስዋና ጋር ስንጫወት ሁለት ቢጫ ስላለበት መሰለፍ የማይችል ተጫዋች ተሰልፎ ኖሯል። ፊፋ 3 ነጥብ ቀነሰብን። ክረምቱን ሙሉ ቡና ቤት ቁጭ ብዬ «ሁለት ቢጫ መቁጠር ያቅታል? ሰው ምን እየሠራ ነው ደሞዝ የሚበላው?» እያልኩ ስሳደብ ከረምኩ።

መስከረም ላይ የልጁ ዘመድ ከአውሮፓ ደወለ። «በ2 ሚሊዮን ዩሮ ወደ ሌላ አገር ክለብ ተሸጠ፣ ድርሻችሁን ጠይቁ» አለን። ነገሩ እንዲህ ነው። ፊፋ በ2001 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ፣ ተጫዋች ከአገር ወደ አገር በገንዘብ ሲዛወር ከዋጋው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 0.25 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው 0.5 በመቶ። የእኛ ሦስት ዓመት 15,000 ዩሮ ማለት ነው። በጊዜው ምንዛሪ ከ300,000 ብር ይበልጣል። አሰልጣኙ የሜዳውን አጥር በሐሳቡ ሠርቶ ጨርሶ ነበር።

ልጁን ለገዛው ክለብ መዝገባችንን ልከን ጠየቅን። መልሱ አጭር ነበር። የእናንተ ልጅና የእኛ ተጫዋች የተወለዱበት ዓመት በሁለት ይለያያል፣ እባካችሁ አስረዱን።

ምን ብዬ ላስረዳ? እውነቱን ብጽፍ ክለቡን ላስቀጣ እችላለሁ። ዋሽቼ ብጽፍ ሁለተኛ ውሸት ነው። ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ለአሰልጣኙ «እያየነው ነው» አልኩት። ጥያቄ የሚቀርብበት የሁለት ዓመት ገደብ እዚያው መሳቢያ ውስጥ አለፈ። እሱም ተስፋ ቆርጦ መጠየቁን ተወ።

የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በፕሬዚዳንትነት የመሩትን አቶ ይድነቃቸው ተሰማን አስባችኋቸው ታውቃላችሁ? ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ አፍሪካና እስያ በአንድ ቦታ ተፋጩ ሲባል፣ ከጋናው የስፖርት ኃላፊ ኦሄኔ ጃን ጋር ሆነው «እንግዲያው አንመጣም» ካሉት ሰዎች አንዱ ናቸው። አፍሪካ ውድድሩን ረግጣ ወጣች። ለ1970 የራሷን አንድ ቦታ አገኘች፣ ለ2026 ደግሞ 9 ቀጥተኛ ቦታ። ፊፋ ጉባኤ ላይ የኢትዮጵያም የብራዚልም ድምፅ እኩል አንድ ነው። ብራዚላዊው ሃቬላንዥ በ1974 እ.ኤ.አ. የፊፋውን ፕሬዚዳንት ስታንሊ ሩስን በምርጫ የጣሉት በአፍሪካ ድምፅ ጭምር ነው። ያ ሁሉ የተሠራው በእግር አይደለም። በደብዳቤ፣ በስብሰባ፣ ደንብ ጠንቅቆ በማወቅ ነው።

የዛሬ ልጆች የአርሰናልን ተጠባባቂ ከነጉዳቱ ታውቃላችሁ። የቤቲንግ ቲኬት ላይ ያለውን ቁጥር ከባንክ ሠራተኛ በላይ ታሰላላችሁ። ስለዚያች 5 በመቶ ብጠይቃችሁ ግን ዝም። ለነገሩ እኛም በሬዲዮ ስም ስንሸመድድ ነው ያደግነው፣ ምን አፍ አለኝ።

ተለማመዱ፣ አትጠጡ የሚለውን አሰልጣኞቻችሁ ይንገሯችሁ። እኔ የምለው ለሚመዘግቡት ነው። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፊፋ ፓሪስ ላይ የክፍያ ማዕከል ከፍቷል። ድርሻው የሚሰላው ከፌዴሬሽኖች የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ነው። የተቀነሰ ዕድሜ እዚያ ከገባ ብሩም አብሮት ይቀነሳል። አትቀንሱ።

ልንገራችሁ ግን፣ ያን ቀን እውነቱን ጽፌ ቢሆን ልጁ ያንን ውድድር አይሰለፍም ነበር። ባይሰለፍ እናቱ ኳሱን ያስተዉት ነበር ይሆናል። አሁንም ያ ወረቀት ፊቴ ቢቀመጥ ምን እንደማደርግ እርግጠኛ አይደለሁም።

ባለፈው ዓመት ልጁ ለእረፍት መጥቶ ቤቴ ድረስ ጠየቀኝ። ጫማ ሰቅሏል። ቡና እየጠጣን «ጋሼ፣ እኔ 34 ሞላኝ፣ በእርስዎ ወረቀት ግን ገና 32 ነኝ» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አሰልጣኙን ጠየቀኝ፣ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው አልኩት። ሜዳውን ማየት እፈልጋለሁ አለ፣ አብረን ሄድን። አጥር አሁንም የለውም። የደብዳቤውን ነገር አላነሳሁለትም።