የእናንተ ሎሚ የትኛዋ ናት?

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ቤቴ መጣች። ባንክ ከገባች 6 ዓመት ሆኗታል። አሁን ለቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅነት ተወዳድራ የጽሑፍ ፈተናውን አልፋለች። የቀራት ኢንተርቪው ብቻ ነው። ከኢንተርኔት ያወረደቻቸውን 50 ጥያቄዎች ከነመልሳቸው አትማ ይዛለች። አቦሉ እስኪቀዳ "አክስቴ፣ እስቲ ጠይቂኝ" አለችኝ።

"ሥራ ተበላሽቶ ሰው ሁሉ ግራ የተጋባበትን አንድ ቀን ንገሪኝ። አንቺ ምን አደረግሽ?" አልኳት።

"እኛ ቅርንጫፍ በቡድን መሥራት ባህላችን ነው" ብላ ጀመረች። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ እንደሚባለው፣ ችግር ሲመጣ ተጋግዘን እንወጣዋለን።"

ተረቱን እኔም እወደዋለሁ። ግን በጠያቂነት ለብዙ ዓመታት ስቀመጥ ይህንኑ ተረት ከስንት ተወዳዳሪ ሰማሁት። በሰማሁት ቁጥር በልቤ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ከሃምሳዎቹ ሎሚዎች አንቺ የያዝሽው የትኛዋን ነው?

"ሲስተም የጠፋበት ቀን የለም?" አልኳት።

"እሱማ ሞልቶ!"

"አንዱን ንገሪኝ።"

የጡረታ መክፈያ ሰሞን ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሲስተም ጠፋ። አዛውንቶቹ እስከ ውጭው ደረጃ ድረስ ተሰልፈዋል። ሥራ አስኪያጁ ዋናው መሥሪያ ቤት ስብሰባ ሄዷል። "ከዚያ ወረቀት ቆርጠን ተራ ቁጥር ጻፍንና አደልናቸው። ለደከሙት ከውስጥ ወንበር አወጣን። ቤታቸው ቅርብ የሆኑትን ደግሞ ስልካቸውን ይዘን፣ ሲስተሙ ሲመለስ እንደውላለን ብለን ሸኘናቸው" አለችኝ።

"ወረቀቱን ማን ቆረጠው?"

ትንሽ ዝም አለች። "እኔ።"

"እንደውላለን ያለውስ?"

"እኔ ነኛ። የደወልኩትም እኔ ነኝ። 19 ሰው።"

ያን ያህል ጊዜ ያጠናችው ወረቀት ውስጥ ይህ የለም። ልትናገረውም አላሰበችም ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ተይዞ የማይነገረው ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። "እኔ እኔ አትበል" እየተባልን ነው ያደግነው። ጥሩ አስተዳደግ ነው፤ ለቅሶ ቤትም ሆነ እድር ላይ ያምራል። ኢንተርቪው ላይ ግን "እኛ" ባላችሁ ቁጥር ጠያቂው እናንተን ማየት ያቅተዋል። "እኔ" ማለት የሌላውን ድካም መንጠቅ አይደለም። "ጥበቃው ሰልፉን ያዘልን፣ ጓደኛዬ ወንበር አወጣች፣ እኔ ደግሞ ቁጥሩን ጽፌ አደልኩ" ስትሉ ሁሉም የየድርሻውን ያገኛል። እናንተም ትታያላችሁ።

እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጆን ፍላናጋን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ከአየር ኃይሉ ጋር ይሠራ ነበር። እሱና ባልደረቦቹ ከጦርነት የተመለሱትን "ጥሩ መሪ ምን ዓይነት ነው?" ከማለት ይልቅ፣ በዓይናችሁ ያያችሁትን አንድ አጋጣሚ ንገሩን፤ መኮንኑ ምን አደረገ ብለው ጠየቁ። ዘዴውን በ1954 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ አወጣው። ከጊዜ በኋላ ሠራተኛ ቀጣሪዎችም በዚሁ መንገድ ሄዱ። ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሰው ሲቀጥር የሚጠይቀው እንዲህ ነው። እዚሁ አዲስ አበባ ያሉ ብዙ መሥሪያ ቤቶችም እንደዚያው ያደርጋሉ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሰው ትናንት የሠራው፣ ነገ እሠራለሁ ከሚለው ይልቅ ማንነቱን ይናገራል።

ጠያቂዎቹ ፊት ነጥብ መስጫ ቅጽ አለ። "ታጋሽ ነኝ፣ ጫና እችላለሁ" ስትሉ እዚያ ላይ የሚጻፍ ነገር አያገኙም። "19 ሰው ጋ ደወልኩ" ስትሉ ግን እስክሪብቶው ይንቀሳቀሳል።

አንዱ ከባድ ጥያቄ የስህተት ነው። እሱ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ እኔን ራሴን ጥሎኛልና። መጀመሪያ ለኃላፊነት የተወዳደርኩ ጊዜ "በሥራ ላይ ከሠሩት ስህተት አንዱን ይንገሩን" አሉኝ። "ይህን ያህል የሚነገር ስህተት የለብኝም" አልኩ። ሰብሳቢው እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እስክወጣ ድረስ መልሶ አላነሳውም። ቦታውም ለሌላ ተሰጠ።

ስህተቱ ግን ነበረኝ። በ1998 ዓ.ም. ባንክ ውስጥ የቴለሮች፣ ማለትም መስኮት ላይ ገንዘብ የሚቀበሉና የሚከፍሉ ሠራተኞች፣ ተቆጣጣሪ ነበርኩ። አንድ ቀን ማታ ሂሳብ ሲዘጋ ከአንዱ ልጅ ላይ 5,000 ብር ጎደለ። ያኔ ከአምስት ወር ደመወዙ በላይ ነው። እኔ ምንም ሳላጣራ ጓደኞቹ ፊት ጮህኩበት። ልጁ ላብ አጠመቀው፤ እጁ እየተንቀጠቀጠ ብሩን ደጋግሞ ይቆጥራል። ከዚያ ቁጭ ብለን የወጪ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየን። አንድ እስር 100 ኖት ነው። የሃምሳ ብር እስር 5,000፣ የመቶ ብር እስር 10,000 ይሆናል። ልዩነታቸው ልክ የጎደለው ብር ነው። የዚያን ቀን ባለ ሃምሳ ኖት እስር የወሰደ አንድ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ብቻ ነበር። ደወልኩለት። እስሩ ሳይፈታ ቦርሳው ውስጥ ተገኘ። በሃምሳው ፋንታ የመቶው ተሰጥቶታል። በማግስቱ ጠዋት ራሱ ይዞት መጣ።

ብሩ ተገኘ። ልጁ ግን ለሳምንታት ቀና ብሎ አላየኝም። በመጨረሻ፣ የጮህኩበት ጊዜ የነበሩትን ሁሉ ሰብስቤ እነሱ ፊት ይቅርታ ጠየቅኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከ20,000 ብር በላይ ወጪ ሲኖር ሁለተኛ ሰው ቆጥሮ እንዲያረጋግጥ አደረግኩ። ከዚያ ወዲህ በማንም ላይ ሰው ፊት ጮኼ አላውቅም።

በሁለተኛው ኢንተርቪው የተናገርኩት ይህንኑ ነው። ልብ በሉ፣ ይህ አንድ ታሪክ ብዙ ጥያቄ ይመልሳል። ስህተት ቢሉ፣ ከሠራተኛ ጋር መጋጨት ቢሉ፣ አሠራር ማሻሻል ቢሉ ያገለግላል። ለ50 ጥያቄ 50 መልስ አያስፈልግም። በደንብ የምታውቋቸው ስድስት ሰባት ታሪኮች ይበቃሉ። ለኃላፊነት ሥራ ግን ለአለቃችሁ "አይሆንም" ያላችሁበት አንድ ቀን አይጥፋ። ሥራው ያቃተውን ሰው ያገዛችሁበት፣ ሁሉንም ሳታውቁ የወሰናችሁበትም ይኑርበት።

ሹመት ኖሮን አያውቅም የምትሉ አላችሁ። የእህቴ ልጅስ ምን ሹመት ነበራት? የእድር ጸሐፊ የነበረ፣ የሰፈር ኳስ ቡድን ያስተባበረ፣ ዩኒቨርሲቲ እያለ የቡድን ሥራ ሊፈርስ ሲል ያዳነ ሰው የሚናገረው አለው።

ዝግጅቱ በደብተርና በእስክሪብቶ ነው። ለእያንዳንዱ ታሪክ አራት ነገር ጻፉ። ሁኔታው ምን ነበር፣ የእኔ ኃላፊነት የቱ ነበር፣ ምን አደረግኩ፣ ምን ውጤት መጣ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ጨርሱ። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ደክሞ፣ ዋናው ጋ ሲደርስ ሰዓቱ ያልቅበታል። ጊዜያችሁን "ምን አደረግኩ" ላይ አውሉት። ቁጥሩን የረሳችሁት እንደሆነ አብሯችሁ ለነበረ ሰው ደውሉ። ቃል በቃል ግን አትሸምድዱ። የተሸመደደ አንድ ቃል ሲጠፋ ሌላውን ይዞት ይሄዳል።

ፈጥራችሁም አታውሩ፤ ይህን ከልቤ እለምናችኋለሁ። ጠያቂ "ከዚያስ?" ይላል። "እሱ ምን አለ?" ይላል። "ዛሬ ቢሆን ምን ይለወጥ ነበር?" ይላል። የኖራችሁት ታሪክ ለእነዚህ ሁሉ መልስ አለው። የፈጠራችሁት ሁለተኛው "ከዚያስ" ላይ ይፈርሳል፤ ብዙ ጎበዝ ልጅ እንዲህ ሲወድቅ አይቼ አዝኛለሁ። የደንበኛ ስምና የሂሳብ ነገር፣ የቀድሞ አለቃችሁም ስም አይነሳ። "አንድ ደንበኛ"፣ "ኃላፊዬ" ማለት ይበቃል። ጥያቄው ዱብ ዕዳ ከሆነባችሁ "ትንሽ ላስብበት" በሉ። ውሃ ጠጡ። የሚቀየማችሁ የለም።

የቋንቋውም ነገር አለ። ብዙ ቦታ ኢንተርቪው በእንግሊዝኛ ነው። ልጆቻችን ታሪኩን ከመጀመሪያው በእንግሊዝኛ ሊያዘጋጁት ይሞክሩና፣ ታሪኩ ቀርቶ ሰዋስው ሲያሳድዱ ያመሻሉ። መጀመሪያ በአማርኛ አውሩት። ለእናታችሁ ወይም ለጓደኛችሁ፣ ድምፅ አውጥታችሁ። እነሱ ከገባቸው እንግሊዝኛው ቀላል ቃል ይበቃዋል። ውጭ አገር ያላችሁም ብትሆኑ እንዲሁ አድርጉ።

የእህቴ ልጅ ቶናው ላይ ታሪኩን ስትደግመው አምስት ደቂቃ ፈጀባት። ስለ ሲስተሙ ብልሽት ብቻ ሁለት ደቂቃ አወራች። በረካው ሲቀዳ እንደገና ጀመረች። ስልኬን ከፍቼ ሰዓት ያዝኩላት። "ሰልፉ ደረጃው ድረስ ደርሶ ነበር። ወረቀት ቆርጬ ተራ ቁጥር ጻፍኩ" አለች። የደወለችላቸው 19ኙ በሙሉ ከሰዓት በኋላ መጥተው ገንዘባቸውን እንደወሰዱ ስትነግረኝ ድምፅዋ ተለወጠ። 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ።

ኢንተርቪውዋ ሐሙስ ነው። ረቡዕ ማታ ደውላ በእንግሊዝኛ ልትነግረኝ ተቀጣጥረናል።