ጣና ዳር ላለሽው እህቴ፦ አቤቱታሽን በጽሑፍ አድርጊው

እህቴ፣ የአንድ ሆቴል ፍሳሽ በሰፈራችሁ የጎርፍ መውረጃ ቦይ በኩል ጣና እየገባ መሆኑን ጽፈሽ፣ «ከተማው ይህን የሚከለክል ሕግ አለው ወይ? ለማንስ እንጩህ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ሕጉ አለ። እኛም እዚሁ ባሕር ዳር ተመሳሳይ ነገር ደርሶብናልና የሆነውን ልንገርሽ።

በእኛ ሰፈር ፍሳሹ የሚለቀቀው ሌሊት ነበር። ልጆች ጠዋት ትምህርት ቤት ሲሄዱ ቦዩ አረፋ ለብሶ ይቆያቸዋል። ሦስት ጊዜ በቃል አመለከትን፤ ሦስቱንም ጊዜ «እናየዋለን» ተባልን፤ ማንም አልመጣም። በቃል የቀረበ አቤቱታ ቀንም ቁጥርም የለውም፣ ስለዚህ የሚጠየቅበት ሰው የለም። ይህን እስክንረዳ ስድስት ወር ባከነ።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ን አንቀጽ 11 አንብቢው። ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ በራሱ ላይ መድረሱን ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ በበካዩ ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ማመልከት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠሽ ወይም በውሳኔው ካልተስማማሽ፣ ከዚያ ወዲያ ባለው 60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መክሰስ ትችያለሽ። ስለዚህ መዝገብ ቤት ማኅተም ያሳረፈበትን ቅጂ ሳትይዢ ከግቢው አትውጪ፤ ቀኑን የምትቆጥሪው በእርሱ ነው። እኛ 11 ጎረቤታሞች ፈርመን አስገባን። በአራተኛው ሳምንት ባለሙያዎች መጡ።

ፎቶ አንሥተን ነበር፤ ከፎቶው ይልቅ የረዳን ግን ለሆቴሉ የቀረበ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ጉድጓዳችሁን ቦቴ የመጠጠው መቼ ነው?» ባሕር ዳር ከተማውን የሚያዳርስ የፍሳሽ መስመር የላትም፤ ሁሉም በየግቢው ጉድጓድ ነው የሚጠቀመው። እንግዳ የማይለየው ሆቴል ጉድጓዱን ዓመት ሙሉ ካላስመጠጠ፣ ያ ሁሉ ፍሳሽ ወዴት ሄደ? ባለሙያው የክፍያ ደረሰኝ ሲጠይቅ የሚያሳየው ጠፋ፤ ፍሳሹን ወደ ቦዩ የሚለቀው ቱቦ በዚያው ሳምንት ተደፈነ።

ምርመራው በበጋ እንዲሆን ጣሪ። በክረምት ጎርፉ ሁሉን አጥቦ ስለሚወስድ ከየት እንደመጣ መለየት አይቻልም። የእኛም ቱቦ ሐምሌ ላይ ተመልሶ ተከፍቷል፤ ዝናብ ሸፈነው። ጥቅምት ላይ ደግመን አመለከትን።

«ሐይቁ ሰፊ ነው፣ ምን ይሆናል?» የሚሉሽ ይኖራሉ። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ጥልቅ የሚባለው ስፍራው ግን ከ15 ሜትር አያልፍም፣ ዳር ዳሩማ ሰው ቆሞ የሚሄድበት ነው። ቀረሶ የሚባለው ዓሣ የሚራባው እዚያው ጥልቀት በሌለው ዳር ነው። እምቦጭም የሚፋፋው ከእርሻም ሆነ ከከተማ በሚገባው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። ከከተማው ታች ደግሞ ዓባይን ቀድተው የሚጠጡ ገበሬዎች አሉ። ግሽ ዓባይ ላይ ጠበል ብለን የምንሳለመው ውኃ በግልገል ዓባይ ወርዶ ጣና የሚገባ መሆኑን ሳስብ፣ በደጃችን የምናደርሰው ነገር አንገቴን ያስደፋኛል።

በደብዳቤሽ ደንገሉንም አትርሺ። በልጅነቴ ከቤታችን እስከ ውኃው ድረስ ደንገል ነበር፤ ታንኳ ይሠራበታል፣ ወፍ ይሰፍርበታል፣ ከከተማው የሚወርደውን ደለልና ቆሻሻም ሐይቁ ሳይደርስ ያስቀረዋል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ የእኛ ሰፈር ደንገል ግን ከዚያም በኋላ ለመዝናኛ ስፍራ ተመንጥሯል። ቱቦ ቢደፈን እንኳ ደንገል የሌለው ዳር የጎርፉን እድፍ እንዳለ ይቀበላል። እኛ በመጀመሪያው ደብዳቤ ይህን ሳንጽፍ ቀረን፤ አሁንም ይቆጨኛል። አንቺ «የተመነጠረው ደንገል ይተከል» የሚል አንድ መስመር ጨምሪበት።

የእኛ ደብዳቤ ቅጂ እጄ ላይ አለ። ከፈለግሽው ዛሬ ማታ ፎቶ አንሥቼ እልክልሻለሁ፤ ስምና ቀን ብቻ ትቀይሪያለሽ።