ሱቁን ለተቀጣሪው ልጅ ትቶ ማስቀደስ ሰንበት ማክበር ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ኮምቦልቻ ውስጥ አነስተኛ የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ አለኝ። እሑድ አስቀድሳለሁ፤ እስክመለስ የቀጠርኩት ልጅ ይሸጣል። ከቅዳሴ በኋላ እኔም እስከ ማታ ሦስት ሰዓት እዚያው ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አርፌ አላውቅም፤ ባለቤቴም ተቀይማኛለች። ብዘጋ ግን ደንበኛው ወደ ጎረቤት ይሄድብኛል፤ ስንፍናም ይመስለኛል። ካስቀደስኩ ሰንበትን አከበርኩ አይባልም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንደምን ሰነበትህ? ይህ ሰላምታችን ከሰንበት የወጣ ቃል ነው። አንተ ግን አራት ዓመት ከረምክ እንጂ አልሰነበትክም። አብሽር፣ ልቆጣህ አይደለም፤ ሰነፍ ሰውም እንዲህ ብሎ አይጠይቅም።

ከደሴ እስከ ወልድያ ይህን ነገር ከነጋዴዎች አፍ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ሰንበትን እንደ ሐምሌ ግብር ነው የምታዩት። ሁለት ሦስት ሰዓት ለእግዚአብሔር ከፍላችሁ፣ ደረሰኝ እንደ ተቀበለ ሰው ቀሪው ቀን የራሳችሁ ይመስላችኋል። ጌታ ግን ሰንበት የተፈጠረው ስለ ሰው ነው አለ (ማር. 2፥27)። ለአንተ የተሰጠህን ስጦታ እንደ ዕዳ እየከፈልክ ነው ያለኸው። አንዳንዱ ደግሞ «መስከረም 21 ግሸን ስወጣ ሱቄን ሦስት ቀን እዘጋለሁ» ይለኛል። ደግ አደረግህ፤ ግን የዓመቱ ንግሥ የሳምንቱን ቀን አይተካም።

ያሳዘነኝስ በአንድ ሐረግ ያለፍከው ልጅ ነው። ዘዳግም 5፥14 ሎሌውና ገረዱ እንደ አንተ ያርፉ ዘንድ ያዝዛል። «እንደ አንተ» በሚለው ላይ ቆም በል። ቀጥሎ ያለው ቁጥር ደግሞ አንተም በግብፅ ባሪያ እንደ ነበርህ አስብ ይላል። ምናልባት አንተም ንግዱን የለመድከው ሰው ቤት ተቀጥረህ ይሆናል። የቤተ ክርስቲያናችን የሥርዓት መጽሐፍ የሆነው መጽሐፈ ሲኖዶስም አገልጋዮች አምስት ቀን ሠርተው በሁለቱ ሰንበታት፣ በቅዳሜና በእሑድ፣ ቤተ ክርስቲያን እንዲሄዱ ይደነግጋል። አንተ ኪዳን ስታደርስ እሱ ስኳር ይመዝናል፤ ታዲያ እሱ መቼ ያስቀድስ? ልጁ ሙስሊም ከሆነ (በእኛ በወሎ ብርቅ አይደለም) ለጁምዓው ልቀቀው፤ የሚያርፍበት ቀንም አይቅርበት።

ደንበኛው ይሄዳል ላልከው፣ እሑድ የዘጋ ሰኞ እጥፍ ይሸጣል ብለው የሚያስተምሩ አሉ። እኔ ይህን ቃል አልገባልህም፤ ሊጎድልብህ ይችላል። መና ሲወርድ ግን ጥቂት የሰበሰበ አልጎደለበትም፤ በሰባተኛው ቀን ሊለቅሙ የወጡትም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ (ዘጸ. 16፥18፤ 27)። ደግሞስ ሙስሊሙ ጎረቤትህ ለጁምዓ ሲዘጋ «ሶላት ሄዷል፣ አሁን ይመጣል» ብለህ ስንቱን ደንበኛ አስጠብቀህለታል? ለአንተ የማይጠብቅ ማን ነው?

ማርቆስ 6፥31ን ዛሬ ማታ አንብበው። የሚመጡና የሚሄዱ ብዙ ስለ ነበሩ ሐዋርያት እህል ለመቅመስ እንኳ ጊዜ አልነበራቸውም። ያንተን ሱቅ አይመስልም? ሥራቸው ሸቀጥ መሸጥ አልነበረም፤ ስብከትና ፈውስ ነበር። ጌታ ግን ለእነርሱም ጥቂት ዕረፉ አላቸው። ከሐዋርያት ሥራ የሚበልጥ ሱቅ የለህም፣ ወንድሜ።

በአካባቢያችሁ ለእሑዱ የሰንበቴ ከተማ ገበያ ሲሉ የደብራቸውን የሰንበቴ ማኅበር የተዉ ነጋዴዎችን አውቃለሁ። ሰኞ ደግሞ ባቲ ገበያ ይወጣሉ። ዳቦ የሚቆርሱበት፣ የቀረውን ሰው «ምን አግኝቶት ነው?» ብለው የሚጠይቁበት ማኅበር ቀረባቸው፤ ሲታመሙም ማን እንደሚጠይቃቸው እንጃ።

መድኃኒት የሚሸጥ፣ መንገደኛ የሚያበላ ሰው ጉዳዩ ሌላ ነው፤ በሬው ጉድጓድ የገባበት ሰው በሰንበትም ያወጣዋል (ሉቃ. 14፥5)። የአንተ ሳሙናና ዘይት ግን ከቅዳሜ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት አይበላሽም። የቅዳሜን ነገር ከንስሐ አባትህ ጋር ተመካከር።

ለደንበኞችህ ከዛሬ ጀምረህ «እሑድ ዝግ ነው» በላቸው፤ ቅዳሜ ይሸምታሉ። በመጪው እሑድ ከባለቤትህና ከልጆችህ ጋር አስቀድስና አብራችሁ ወደ ቤት ግቡ። ስልክህንም ለባለቤትህ ስጣት፤ ሱቁ ኪስህ ውስጥ ሆኖ እንዳይከተልህ። ሠራተኛህንም እናቱ ዘንድ ስደደው። የዚያን ቀን ደመወዙን ግን እንዳትቆርጥበት።