ቀይ ቀበሮ የታየበት ቦታ ሁሉ ለቀይ ቀበሮ ይስማማልን?

ጥያቄ፦ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አቅራቢያ የምኖር የዱር እንስሳት አያያዝ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ የቀይ ቀበሮን መኖሪያ ጥራት የሚያሳይ ሞዴል እየሠራሁ ነው። ቀበሮ በብዛት የታየበትን ቦታ ከፍተኛ ጥራት ያለው መኖሪያ ብዬ ብመዘግብ ስሕተት ይሆንብኛልን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አዎን፣ ያሳስትዎታል። አሜሪካዊቷ የሥነ ምኅዳር ተመራማሪ ቤያትሪስ ቫን ሆርን እ.ኤ.አ. በ1983 እንዳስገነዘቡት፣ የመኖሪያ ጥራት የሚለካው በእንስሳቱ ብዛት ብቻ ሳይሆን በሕይወት በመቆየታቸውና በመራባታቸው ጭምር ነው። የቀይ ቀበሮ መንጋ ምርጡን መሬት ወሰን አበጅቶ ስለሚጠብቅ፣ ከተወለደችበት መንጋ የወጣች ወጣት ሴት ቀበሮ በየወሰኑ መካከል ስትንከራተት ልትታይ ትችላለች፤ መታየቷ ግን እዚያ ግልገል ታሳድጋለች ማለት አይደለም።

ስለዚህ ከምግቡ ይጀምሩ። በፓርኩ ውስጥ ባሉት በሳነቴ አምባና በዌብ ሸለቆ ቀበሮው በቀን እያደነ የሚመገበው በዋናነት በባሌ ብቻ የሚገኘውን ግዙፍ ፍልፈልና የሣር አይጦችን ነው። የሳተላይት ምስል ከፍታን፣ ተዳፋትንና የዕፅዋት ሽፋንን ያሳያል፤ ከመሬት በታች ያለውን ፍልፈል ግን አያሳይም። ገንዘብዎ ውሱን ከሆነ፣ ውድ ምስል ከመግዛትዎ በፊት በእግርዎ እየዞሩ ትኩስ የፍልፈል ጉድጓዶችን ቢቆጥሩ እመርጣለሁ።

በስሌቱም ላይ ይጠንቀቁ። ለእያንዳንዱ መመዘኛ ከ0 እስከ 1 ነጥብ ሰጥተው አማካዩን ቢወስዱ፣ የመሬት አቀማመጡ 1፣ ምግቡ 0 የሆነ ቦታ 0.5 ያገኛል፤ ቀበሮው ግን በዚያ በረሃብ ይሞታል። ነጥቦቹን ቢያባዙ ውጤቱ 0 ይሆናል፤ እውነቱም ይኸው ነው።

ከሁሉ በላይ የማሳስብዎ የሞትን ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተነሣው የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ሲገድል፣ ሣሩም አይጡም እንደ ነበረ ነበር፤ በምግብና በዕፅዋት ብቻ የተሠራ ሞዴል ያን ሸለቆ በዚያ ዓመትም ምርጥ ብሎ ይመዘግበው ነበር። በሽታው የሚመጣው ከሰው ጋር ከሚኖሩ ውሾች ስለሆነ፣ የመንደሮችን ርቀትና የውሾችን ብዛት፣ ከተቻለም የተከተቡትን ቁጥር የሚያሳይ ሌላ ካርታ ለብቻው ይሥሩ፤ ከምግቡ ካርታ ጋር ሳይደባልቁም ጎን ለጎን ያስቀምጡት። ምግብ ሞልቶ ውሻ የሚበዛበትን ቦታ የፓርኩ ሠራተኞች ለይተው ካላዩ፣ ክትባቱን ከየትኛው መንደር እንደሚጀምሩ ሊወስኑ አይችሉም።