የማኅበረሰብ ምክር ቤቱ ቀበሌ አይደለም፤ ቢሆንም ሂጂ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ ነው ያነበብኩት። በስኮትላንድ፣ በፋይፍ ዳርቻ ወደምትገኘው ትንሽ ከተማ ወደ በርንትአይላንድ ከገባሽ ዓመት አልሞላሽም። በበርሽ ሥር «ለማኅበረሰብ ምክር ቤት እጩዎች ይፈለጋሉ» የሚል ወረቀት ገብቶ አገኘሽ። ከቤትሽ ጀርባም አፓርታማ ሊሠራ ነው ሲባል ሰምተሻል። «ይህ ነገር እንደ ቀበሌያችን ነው ወይ? የውጭ ዜጋ ሆኜስ ምን አገባኝ? የከተማዋን ወሬ ከየት ልስማ?» ብለሻል። እኔ የምኖረው ከፎርዝ ወሽመጥ ወዲህ፣ በኤዲንብራ የባሕር ዳር ሰፈር፣ ፖርቶቤሎ ነው። ሰማዩ ሲጠራ የእናንተ ዳርቻ ከባሕሩ ማዶ ይታየኛል። ስድስት ዓመት ያህል የሰፈሬ የማኅበረሰብ ምክር ቤት ስብሰባ ላይ እየተገኘሁ ያየሁትን ልንገርሽ።

ቀበሌ አይደለም። መታወቂያ አይሰጥም፣ ግብር አይሰበስብም፣ ማንንም አያዝዝም። አባላቱ ደመወዝ የላቸውም። ከአካባቢው አስተዳደር የሚያገኙት ለጽሕፈትና ለአዳራሽ የምትበቃ ትንሽ ድጎማ ብቻ ናት። በመንፈሱ ከቀበሌ ይልቅ ለዕድር ይቀርባል፤ ሰው ከሥራው ተመልሶ፣ እራቱን በልቶ፣ ለሰፈሩ ብሎ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ከዕድር የሚለየው ግን በሕግ የቆመ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው የስኮትላንድ የአካባቢ አስተዳደር ሕግ ሥራውን የሕዝቡን አሳብ ማወቅ፣ ማስተባበርና ለአስተዳደሩ መግለጽ ይለዋል። በዚያው ሕግ ምክንያት እንደ አንቺ ያሉት ትንንሽ ከተሞች ለዘመናት የነበሯቸውን የራሳቸውን ምክር ቤቶች በ1975 አጡ። ውሳኔው ወደ ትልልቅ አስተዳደሮች ሄደ፤ ዛሬ የአንቺ ከተማ ጉዳይ የሚወሰነው ለመላው ፋይፍ በተቋቋመ ምክር ቤት ነው። የማኅበረሰብ ምክር ቤቶቹ የተተከሉት ያ ክፍተት እንዳይሰፋ ነው። ሥልጣኑ ባይመለስም ድምፁ እንዲቀር አልተፈለገም። የእኛ ፖርቶቤሎ ራሷን የማስተዳደር መብቷን ያጣችው ከዚያም በፊት፣ ገና በ1896 ከኤዲንብራ ጋር ስትቀላቀል ነው። አረጋውያኑ ግን አሁንም «ከተማ ልሄድ ነው» ሲሉ ኤዲንብራ መሄዳቸው ነው።

ታዲያ ማዘዝ የማይችል ምክር ቤት ምን ይጠቅማል? እኔም መጀመሪያ እንዲሁ ነበር የማስበው። መልሱን ያገኘሁት ከራሴ ስሕተት ነው።

አንድ ቀን ከመንገዱ ማዶ አፓርታማ ሊሠራ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰኝ። አስተያየት ለመስጠት 21 ቀን ተሰጥቶናል። በንዴት ሁለት ገጽ ጻፍኩ፦ ባሕሩ ከመስኮቴ ሊጋረድ ነው፣ የቤቱም ዋጋ ይወርዳል፣ ገንቢው ድርጅት ለኛ ደንታ የለውም እያልኩ። ከመላኬ በፊት ግን ጎረቤቴ ወደ ማኅበረሰብ ምክር ቤቱ ስብሰባ ወሰደችኝ። እዚያ አንዲት ሽማግሌ ሴት ወረቀቴን በጥሞና አንብበው ሲጨርሱ «ልጄ፣ ከዚህ ውስጥ የሚቆጠርልሽ አንድም መስመር የለም» አሉኝ። በግንባታ ፈቃድ ሕግ የግል እይታ መጋረዱና የቤት ዋጋ መውረዱ ከግምት አይገቡም። ከግምት የሚገቡት ትራፊክ፣ ጫጫታ፣ ጥላ፣ የጎረቤት ገመና፣ የዝናብ ውኃ የሚፈስበት፣ ቆሻሻ የሚቀመጥበት ቦታና እነዚህን የመሳሰሉት ናቸው። «አንቺ ሌሊት ትሠሪያለሽ፤ እኛ ተኝተን የማናየውን ታያለሽ» ብለው ጨመሩበት።

እውነት ነበር። የምሠራው በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት በሌሊት ፈረቃ ነው። ስወጣና ስገባ ለአራት ሌሊት በጠባቧ መንገድ ላይ የቆሙትን መኪናዎች ቆጠርኩ። በፕላኑ ላይ የቆሻሻ ገንዳዎቹ የተሳሉት አምቡላንስ ወደ ጎረቤት አዛውንቶች በሚገባበት መተላለፊያ ላይ መሆኑንም አየሁ። ይህን ከሰዓቱና ከቀኑ ጋር በግማሽ ገጽ ጻፍኩት። ምክር ቤቱም በመልሱ ውስጥ አካተተው። የማኅበረሰብ ምክር ቤት በግንባታ ጥያቄዎች ላይ አሳቡን እንዲሰጥ የመጠየቅ መብት በሕግ አለው፤ በአልኮል መጠጥ ፈቃድ ላይም እንዲሁ። ሕንፃው ተፈቀደ፤ አላስቀረነውም። ገንዳዎቹ ግን ከመተላለፊያው ተነሥተው ወደ ሌላው ጎን ሄዱ። ያ መተላለፊያ ዛሬም ክፍት ነው፤ ባለፈው ክረምት አምቡላንስ ሲገባበት በዓይኔ አይቻለሁ።

ስለዚህ ከቤትሽ ጀርባ ስለሚባለው ግንባታ አሁኑኑ ጠይቂ። ትልቅ ግንባታ ከሆነ ገንቢው ማመልከቻውን ከማስገባቱ ቢያንስ 12 ሳምንት ቀደም ብሎ ማሳወቅና ሕዝቡን ማወያየት አለበት፤ ማስታወቂያውም ለማኅበረሰብ ምክር ቤቱ ይደርሳል። ነገሩ ገና በእርሳስ ሳለ የምትሰሚው እዚያ ነው። ቀለሙ ከደረቀ በኋላ መጮኽ አድካሚ ነው።

ምክር ቤቱ ሁልጊዜ አንድ ልብ ነው እንዳልልሽ። ሰፈር አንድ ልብ አይሆንም። እኛ ጋ አዲስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በፖርቶቤሎ ፓርክ ላይ ይሠራ አይሠራ በሚለው ጎረቤትና ጎረቤት ለዓመታት ተኳርፏል። ፓርኩ የሕዝብ የጋራ ሀብት ተብሎ የተያዘ መሬት ስለነበር በ2012 ፍርድ ቤት የከተማው አስተዳደር እዚያ የመሥራት ሥልጣን እንደሌለው ወሰነ። ከዚያ በ2014 የስኮትላንድ ፓርላማ ለዚያ አንድ ፓርክ ብቻ ልዩ ሕግ አወጣ፤ ትምህርት ቤቱም በ2016 ተከፈተ። ሁለቱም ወገኖች ለልጆቻቸው ሲሉ ነበር የተሟገቱት። እኔ ይህን ታሪክ የሰማሁት ከሁለቱም ወገን ነው፤ ዛሬም ስለ እሱ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል።

በተቃራኒው ሰፈሩን አንድ ያደረገ ነገርም አለ። ቤልፊልድ የሚባለው የቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ሊሸጥ ሲል ነዋሪዎች አክሽን ፖርቲ የሚባል ማኅበር አቋቁመው በ2017 ሕንፃውን ለማኅበረሰቡ ገዙት። ለገጠሩ ብቻ የነበረው የመግዛት ቅድሚያ መብት ለከተሞችም ከተፈቀደ በኋላ በስኮትላንድ የመጀመሪያው የከተማ ግዢ እሱ ነው። የገዛው የማኅበረሰብ ምክር ቤቱ ሳይሆን ማኅበሩ ነው፤ ይህን ልዩነት ልብ በዪ። ባለፈው መስከረም እንቁጣጣሽን ያከበርነው እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው። ቡናው ሲቆላ ጎረቤቶቻችን ጭሱን ተከትለው ገቡ።

ስለ ዜና የጠየቅሽው ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ለአንቺ አካባቢ ፋይፍ ፍሪ ፕሬስ የሚባለው ጋዜጣ አለ፤ እኛም በበጎ ፈቃደኞች የሚዘጋጅ ፖርቶቤሎ ሪፖርተር አለን። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የማነበው የማኅበረሰብ ምክር ቤቱን ቃለ ጉባኤ ነው። የትኛው አውቶቡስ ሊቀነስ ነው፣ የትኛው የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ሊዘጋ ነው፣ የባሕሩ ውኃ ለዋና ንጹሕ ነው ወይ፣ ፖሊስ ስለ ስርቆቱ ምን አለ፤ ሁሉም እዚያ ደረቅ በሆነ ቋንቋ ተጽፎ ይገኛል። ብዙ የጋዜጣ ዜናም የሚጀምረው ከዚያ ነው። በሰፈሩ የፌስቡክ ገጽ የሚወራውን ግን ከቃለ ጉባኤው ጋር ሳታስተያዪ አትመኚው። እኛ ጋ አንድ ጊዜ ቤተ መጻሕፍቱ ሊዘጋ ነው ተብሎ ሰፈሩ በሙሉ ታመሰ፤ ቃለ ጉባኤው የሚለው ጣሪያው እስኪጠገን ሁለት ሳምንት እንደሚዘጋ ነበር።

«የውጭ ዜጋ ነኝ» ላልሽው፦ በስኮትላንድ ሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ከ2020ው ሕግ ወዲህ በአካባቢና በስኮትላንድ ፓርላማ ምርጫ መምረጥ ይችላል፤ ዕድሜውም ከ16 ጀምሮ ነው። የለንደኑ ፓርላማ ምርጫ ሌላ ነገር ነው። ለማኅበረሰብ ምክር ቤት የሚጠየቀው በአብዛኛው በአካባቢው የመራጮች መዝገብ ላይ መገኘት ነው። ስለዚህ አስቀድመሽ ተመዝገቢ። ወረቀቱ እጩ የሚፈልገውም ለወጉ አይደለም፤ በብዙ ቦታ ወንበሩ ከሰው ይበልጣል። ከመቀመጫዎቹ ግማሽ ያህሉ ካልሞሉ ምክር ቤቱ ጭራሽ ላይቋቋም ይችላል። ያኔ ያ ሁሉ የመጠየቅ መብት ባለቤት ያጣል።

እንግሊዝኛሽ እንደሚያሳፍርሽ ጽፈሻል። የእኔን ብትሰሚው ኖሮ ይህን አትዪም ነበር። በመጀመሪያው ስብሰባ የተናገርኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሰብሳቢው ጠብቀውኝ፣ ደግመው ጠይቀውኝ፣ በትክክል አስጻፉት። ስብሰባው ለማንም ክፍት ነው፤ ለእጩነት ባትቀርቢም ከኋላ ወንበር ተቀምጠሽ ማዳመጥ ትችያለሽ። ልትቀርቢ ካሰብሽ ግን በወረቀቱ ላይ ያለውን የመጨረሻ ቀን ዛሬ እዪው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚደግፉሽ ሁለት ነዋሪዎች ፊርማ ያስፈልጋል። ልጆችሽን ከትምህርት ቤት የምታመጣልሽ ጎረቤት እንዳለች ጽፈሻል፤ ከእሷ ጀምሪ።